ቦታ ስንገዛ ከዋጋው በፊት ሐቁን እንይ
(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ምድርን ለሰው ልጆች መኖሪያ አድርጎ ለዘረጋልን አላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ርዕስ በብዙዎቻችን ቤት ከእራት በኋላ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚወያዩበት ጉዳይ ነው። ይኸውም አቅማችን በሚፈቅደው ዋጋ ቤት መሥሪያ ቦታ የማግኘት ጉዳይ ነው። ቀደም ሲል ከሰላት በኋላ ወደኛ የሚመጣው ሰው ስለ ጦሃራ፣ ስለ ፆምና ስለ ኒካሕ ይጠይቀን ነበር። ዛሬ ግን ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ «ኡስታዝ፣ ይህ ቦታ ይገዛ ይሆን?» የሚለን ወንድም በዝቷል። ወረቀቱ አንዳንዴ የካርታ ፎቶ ኮፒ ነው፤ አንዳንዴ ሦስት ሽማግሌዎች የፈረሙበት የመንደር ውል ነው፤ አንዳንዴም የግብር ደረሰኝ ብቻ ነው።

እኛ መሐንዲሶችም ጠበቆችም አይደለንም። ነገር ግን በዚያች ወረቀት ላይ ያለው የአንድ ቤተሰብ የዐሥርና የዐሥራ አምስት ዓመት ጥሪት ነው። በስህተት ከወጣ ዳግም አይሰበሰብም። ከዚህም በላይ በዚያች ወረቀት ላይ የሌላ ሰው ሐቅ ሊኖርበት ይችላል። ገንዘብ ቢጠፋ የዱንያ ኪሳራ ነው፤ የሰው ሐቅ ይዞ መሞት ግን የአኺራ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን፣ ከሀገሪቱ ሕግም ከሸሪዓም አንፃር፣ በአላህ ፈቃድ አብረን እንመለከታለን።

ቤት ጸጋ ነው

በሱረቱ ነሕል ውስጥ አላህ ለሰው ልጆች ከዋለላቸው ጸጋዎች መካከል ቤታቸውን የመርጊያና የማረፊያ ስፍራ ማድረጉን ይጠቅስልናል። የዚህን ጸጋ ትርጉም ከተከራይ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አከራዩ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃ ጭኖ የሚዞር፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ እያፈናቀለ ሰፈር የሚቀያይር አባት ማረፊያ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን ማውጣቱ ራሱ ችግሩ ምን ያህል የከረረ እንደነበረ ያሳያል።

ስለዚህ የራስን ጎጆ መመኘት የዱንያ ፍቅር ነው ብለን ማንንም አንወቅስም። ሙስሊም ቤተሰቡን በሐላል መንገድ ከመጠለያ ችግር ለማውጣት መድከሙ በኒያው ልክ አጅር የሚያገኝበት ሥራ ነው። ችግሩ ያለው በፍላጎቱ ላይ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ነው።

ለመሆኑ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ብዙ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። እንደሚታወቀው በ1967 ዓ.ም በወጡት ሁለት አዋጆች የገጠሩም የከተማውም መሬት ከግል ባለቤትነት ወጥቷል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አድርጓል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለሆነም አንድ ሰው «መሬት ሸጬልሃለሁ» ሲል በሕግ ፊት ያልያዘውን ነገር ሸጧል ማለት ነው። በሕግ የሚሸጠው በቦታው ላይ የተሠራው ቤትና የለማው ንብረት ነው፤ ወይም በሊዝ የተያዘ የመጠቀም መብት በሥርዓቱ ይተላለፋል።

በከተማ ሁለት ዓይነት ሕጋዊ ይዞታ እናገኛለን። አንደኛው ነባር ይዞታ የሚባለው፣ የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት የተያዘው ነው። ሁለተኛው በሊዝ የተያዘው ነው። የሊዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም ተጀምሮ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም በወጡ አዋጆች ተተክቷል። የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት የሚደርስ የሊዝ ዘመን አስቀምጧል፤ ቦታ የሚገኘውም በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሆን አድርጓል። በዚሁ አዋጅ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ይህን ሳያውቅ የገዛ ወንድም ስም ሊያዛውር ሲሄድ ያላሰበው ክፍያ ይጠብቀዋል። እንዲሁም በሊዝ የተገኘ ባዶ ቦታን ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ ማስተላለፍ በአስተዳደሩ ክትትል ሥር በሚካሄድ ግልጽ ሽያጭ እንጂ በደላላና በሻይ ቤት ስምምነት እንዳይሆን ተደንግጓል።

ሕግና መመሪያ በየጊዜው ይሻሻላል፤ ከክልል ክልልም ይለያያል። በመሆኑም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቦታው ወደሚገኝበት ከተማ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ራሳችሁ ሄዳችሁ በዕለቱ የሚሠራበትን ጠይቁ። «ደላላው ነገረኝ» የሚለው ቃል በሸሪዓም በፍርድ ቤትም ማስረጃ አይሆንም።

ርካሽ የሚባለው ቦታ

ታዲያ አቅም የሌለው ምን ያድርግ? መሀል ከተማ አይቀመስም፤ ስለዚህ ዓይናችን ወደ ዳር ይሄዳል። ወደ ዳር መሄድ በራሱ ነውር የለውም። ነገር ግን ዳር ላይ ካርታ ካለው ቦታ ጎን ለጎን ካርታ የሌለው፣ ከአርሶ አደር ማሳ የተሸነሸነ ቦታ ይሸጣል። ዋጋው ይስባል። ሻጩና ደላላው የሚሉትንም እናውቀዋለን፤ እስኪ አንድ በአንድ እንየው።

«ግብር ይገበርበታል» ይሉናል። ግብር መክፈል ግዴታን መወጣት ነው፤ የደረሰኝ ወረቀት ግን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አይደለም።

«የአየር ካርታ ላይ አለ» ይሉናል። በአዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ለማስተካከል በየጊዜው የአየር ፎቶ ለማገናዘቢያ መዋሉ እውነት ነው። ሆኖም የፎቶው ጥቅም በዚያ ዘመን ቤት እንደነበረ ማሳየት ነው። ትናንት ከማሳ ተቆርሶ ለተሸጠ ቦታ ምንም አይፈይድም። ማስተናገዱንም የሚወስነው መመሪያው እንጂ ሻጩ አይደለም።

«ካርታው በቅርቡ ይወጣል፤ ወረዳውም ያውቃል» ይሉናል። የሚወጣ ከሆነ ሻጩ አውጥቶ ለምን በሚገባው ዋጋ አይሸጥም? ወረዳው የሚያውቅ ከሆነስ ለምን በደብዳቤ አይገልጽም? አንድ የቢሮ ሠራተኛ በቃል መስማማቱ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

ያልተፈቀደ ቤት በሌሊት ስለሚሠራ ሕዝቡ ጨረቃ ቤት ብሎታል። በሌሊት የተሠራው በቀን ሲፈርስ ሁላችንም አይተናል። በ2011 ዓ.ም በለገጣፎ፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ የሸገር ከተማ ከተመሠረተ በኋላ በዙሪያው ባሉ አካባቢዎች ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ከፈረሰባቸው መካከል «ሕጋዊ ነን፣ ግብር ገብረናል፣ ውሃና መብራት ገብቶልናል» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። የእነዚህን ወገኖች እንባ አናቃልልም፤ ተበድለናል የሚሉት በፍርድ አደባባይ ሐቃቸውን የማስከበር መብት አላቸው። ለሚቀጥለው ገዢ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ሲለቀቅ ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ነው። ሰነድ የሌለው ሰው ግን ቤቱንም፣ ቆርቆሮውንም፣ የከፈለውንም ገንዘብ በአንድ ጠዋት ሊያጣ ይችላል።

ሕጋዊ በሆነው ቦታም ቢሆን «ርካሽ» የሚለውን ቃል ሳንመረምር አንቀበል። ለአብነት አፈሩን እንውሰድ። ከአቃቂ እስከ ገላንና ዱከም ባለው ሜዳ ላይ በብዛት የሚገኘው ጥቁር የመረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ በቀጥታ የተሠራን ግድግዳም ይሰነጥቃል። 100 ካሬ ላይ ለሚያርፍ ቤት አንድ ሜትር ተኩል ጥቁር አፈር ይውጣ ብንል 150 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ገልባጭ መኪና 16 ሜትር ኩብ ቢጭን ለማውጣት ወደ 10 ምልልስ፣ በምትኩ ጥሩ አፈር ለማምጣት ሌላ 10 ምልልስ ያስፈልጋል። የተቆፈረ አፈር ስለሚላላም ምልልሱ ከዚህ ይበልጣል። ይህ ሁሉ አንድ ብሎኬት ሳይቀመጥ ነው። በዚህ ላይ የውሃ መስመርና የመብራት ምሰሶ ርቀት፣ የመንገድ አለመኖር፣ ጠዋት ሥራ ለመድረስ የሚወጣ የታክሲ ሒሳብ አለ። ቦታው በወንዝ ዳርቻ፣ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ወይም በፕላን ለመንገድ በተያዘ ወሰን ውስጥ ከሆነም ግንባታ አይፈቀድም። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ርካሹ ቦታ ከውዱ ሲበልጥ አጋጥሞናል።

የማን ሐቅ አለበት?

ውድ አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሰው መሬት አንዲት ስንዝር እንኳ በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት ምድሮች በአንገቱ እንደሚጠመጠምበት አስጠንቅቀዋል። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። አስተውሉ፤ ስንዝር ነው የተባለው። አጥር ሲያጥሩ በጎረቤት ላይ ግማሽ ሜትር ገፋ ማድረግን «ምን አላት» የምንል ሰዎች ይህን ሐዲስ እናስታውስ።

የሰው ሐቅ የሚገባው በአጥር ብቻ አይደለም። አንድ አባት ማሳውን ሲሸጥ ሚስቱ ሰምታለች? በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንደማይሸጥ ይደነግጋል። ሻጩ ወንድም ከሆነ እህቶቹስ? በብዙ አካባቢ አባት ሲሞት ወንዶቹ ተከፋፍለው እህቶች ዝም ይባላሉ። ቁርኣን ደግሞ ለሴት ልጅ የወሰነላትን ድርሻ ማንም ወንድም የመሻር ሥልጣን የለውም። ሟቹ የተወው ሕፃን የቲም ካለ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎች በሆዳቸው እሳት እንደሚያስገቡ ሱረቱ ኒሳእ ይነግረናል። ገዢው «እኔ ምን አገባኝ፣ ከሸጠልኝ ሰው ነው የገዛሁት» ሊል አይችልም፤ እያወቀ ወይም መጠየቅ እየቻለ ዓይኑን ጨፍኖ የገዛ ሰው ከተጠያቂነት አያመልጥም።

በዚህ ረገድ ከመስጂደ ነበዊ ታሪክ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ግመላቸው የተንበረከከችበት ቦታ የሰህልና የሱሀይል፣ የሁለት የቲም ልጆች፣ ተምር ማስጫ ነበር። መስጂድ ሊሠሩበት ዋጋውን ጠየቁ። ልጆቹ በነፃ እንስጥ አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን በነፃ መውሰዱን አልተቀበሉም፤ ዋጋውን ከፍለው ገዙት። ጠያቂው የአላህ መልእክተኛ፣ የሚሠራውም የአላህ ቤት ሆኖ ሳለ የየቲም ድርሻ እንዲያው አልተነካም። እኛ ለሳሎንና ለጓዳ በምንገዛው ቦታ ላይ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን?

ሌላም አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የከተማ ነጋዴዎች ዕቃ ይዘው የሚመጡ ገጠሬዎችን ገበያ ሳይደርሱና ዋጋ ሳያውቁ መንገድ ላይ ተቀብለው እንዳይገዙ ከልክለዋል። ጥበቡ ግልጽ ነው፤ የማያውቀውን ሰው አለማወቅ መጠቀሚያ ማድረግ ግፍ ነው። ዛሬ በከተማ ዳር የሚኖር ገበሬ ማሳውን በጥቂት ገንዘብ ለቆ ደላላው ያንኑ በካሬ ቆርሶ በብዙ እጥፍ ሲሸጠው እናያለን። ገንዘቡ በሁለት ዓመት ያልቃል፤ ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ በተሠራ ቤት ዘበኛ ይሆናል። እኛ ርካሽ ያልነው ነገር የማን ኪሳራ እንደሆነ መጠየቅ የሙስሊም ወግ ነው።

ውል መጻፍ የቁርኣን ትእዛዝ ነው

በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አያ ስለ ምን እንደምትናገር አስበን እናውቃለን? በሱረቱል በቀራ 282ኛዋ አያ ናት፤ የምትናገረውም ስለ ብድርና ውል መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊና ስለ ምስክር ነው። አላህ ትንሽም ትልቅም ቢሆን ከነጊዜው መጻፉን እንዳንሰለች ይመክረናል። ሆኖም ከእኛ መካከል «እኛ ሙስሊሞች ነን፣ እንተማመናለን» ብሎ ሳይጻፍ የሚከፍል ብዙ ነው። መተማመን ያለው ሰው መጻፍን አይፈራም።

የመንደር ውል ብቻውን በቂ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ሕዝባችን ውልና ማስረጃ የሚለው ጽሕፈት ቤት የሚሠራው ይህንን ነው። እንግዲህ ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚከተሉትን እንዲያሟላ እንመክራለን፦

አንደኛ፣ የካርታውን ዋናውን ይጠይቅ፤ ፎቶ ኮፒ አይቶ አይወስን። ከዚያም በመሬት አስተዳደሩ ካለው ማኅደር ጋር እንዲመሳከርለት ያመልክት። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበትም ያጣራ።

ሁለተኛ፣ የሻጩን ማንነት ከመታወቂያው፣ የትዳር ሁኔታውንም ከማስረጃው ይመልከት። በውርስ የመጣ ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ያለው መሆኑን፣ ወራሾቹም ሁሉ መስማማታቸውን ይይ።

ሦስተኛ፣ ቦታውን በሜትር አስለክቶ በካርታው ላይ ካለው ስፋት ጋር ያስተያይ። በተለያየ ሰዓትና በተለይም በክረምት ሄዶ ይየው፤ ጎርፍ የሚሄድበትን መንገድ በጋ አይነግረውም።

አራተኛ፣ ጎረቤቶችን ይጠይቅ። ዐረቦች ከቤቱ በፊት ጎረቤቱ ይላሉ። አንድ ቦታ ለሁለትና ለሦስት ሰው ተሽጦ ከሆነ በመጀመሪያ የሚያውቁት ጎረቤቶች ናቸው። በጋራ የተያዘ ንብረት ከሆነም ባልደረባው የመቅደም መብት (ሹፍዓ) እንዳለው አይዘንጋ።

አምስተኛ፣ ቀብድ ሲከፍል ይጠንቀቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በፊቅህ የቀብድ ጉዳይ ዑለማዎች የተለያዩበት ነው፤ አብዛኞቹ ቀብድን ማስቀረት አይፈቀድም ሲሉ ሐንበሊዮች ፈቅደዋል። ከጭቅጭቁ የሚያድነው ቀድሞ አጣርቶ በኋላ መክፈል ነው።

በውጭ ያሉ እህቶቻችን አማና

በዚህ አጋጣሚ በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኩዌትና በቤይሩት በሰው ቤት እየሠሩ ገንዘብ የሚልኩ እህቶቻችንን ጉዳይ ሳናነሳ አናልፍም። እህት ስምንት ዓመት ሌሊትና ቀን ሠርታ «ቦታ ግዙልኝ» ብላ ትልካለች። እዚህ ያለው ወንድም ወይም አጎት ይገዛል። ካርታው የሚወጣው በማን ስም ነው? በገዢው ስም። ወንድም ያገባል፤ ሚስቱ ትገባበታለች፤ ልጅ ይወለድበታል። እህት ስትመለስ እንግዳ ሆና በሳሎን ትተኛለች። ስትጠይቅ ደግሞ «በመብልና በሕክምና አልቋል» ትባላለች። ይህ በየሰፈሩ የምንሸመግለው ጉዳይ ነው።

ወንድሞቻችን ሆይ! ይህ ገንዘብ አማና ነው። ቁርኣን አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ ያዛል። ወኪል የባለቤቱን ገንዘብ ለራሱ አይገዛበትም። «ቤተሰብ ነን» የሚለው ቃል ሐቅን ያጠነክራል እንጂ አይሰርዝም።

እህቶቻችንም የበኩላችሁን አድርጉ። ለምትወክሉት ሰው በምትኖሩበት ሀገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል የውክልና ሰነድ ላኩ፤ ሰነዱም «በእኔ ስም እንዲገዛ» የሚል በግልጽ ይኑረው። መሸጥና መለወጥን ካልፈለጋችሁ አትጨምሩበት። ገንዘብ ስትልኩ በባንክ ላኩ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። የላካችሁትን ለቤተሰብ ስጦታ የሆነውንና ለቦታ የሆነውን ለይታችሁ ጻፉ። ይህን ማድረግ ዝምድና መቁረጥ አይደለም፤ እንዲያውም ዝምድናን የሚያቆየው ይህ ነው። ስንት እህትማማችና ወንድማማች በአንድ 150 ካሬ ምክንያት ሰላምታ አቁመዋል!

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?

በሊዝ ጨረታ በአዋጅ 721 መሠረት ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ተደንግጓል። ለምሳሌ 100 ካሬ ቦታ በካሬ 5,000 ብር ቢያሸንፉ ጠቅላላው 500,000 ብር፣ ዝቅተኛው ቅድመ ክፍያ 50,000 ብር ይሆናል። ቀሪው 450,000 ብር በየዓመቱ የሚከፈል ሆኖ ወለድ ይታሰብበታል። ለሙስሊም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የሚችል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመክፈል ይጠይቅ፤ የማይችል ከመግባቱ በፊት የሚያምናቸውን ዑለማዎች ያማክር። ከዋጋ ማነስ ጓጉቶ ገብቶ በኋላ «ሪባ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄውን ከጊዜው ማሳለፍ ነው።

ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ዘምዘም ባንክ ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በሀገራችን ታይቷል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። በሙራበሓ አሠራር ባንኩ ንብረቱን ወይም የግንባታ ዕቃውን ቀድሞ ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ በታወቀ ትርፍ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥልናል። ለመፈረም ስትቀርቡ ይህንኑ ጠይቁ፤ ባንኩ መጀመሪያ ገዝቷል ወይስ ገንዘብ ብቻ እየሰጠ ነው? ልዩነቱ በስም ሳይሆን በዚህ ላይ ነው።

ከባንክ ሌላ የኖርንበት መንገድም አለን። ዕቁብ የወለድ ነገር ካልገባበት የሐላል ቁጠባ ነው። ለቤት ሥራ ማኅበር መደራጀት ብቻውን ቦታ የማይገዛን ሰው ከሌሎች ጋር ያስችለዋል፤ ማኅበሩ ሕጋዊ መሆኑን፣ የሒሳብ መዝገቡ ለአባላት ክፍት መሆኑን ግን ማረጋገጥ ያሻል። ሁለት ወንድማማቾች ካርታ ያለው አንድ አሮጌ ቤት በጋራ ገዝተው ድርሻቸውን በጽሑፍ ቢያኖሩም ካርታ ከሌለው ሰፊ ማሳ ይሻላቸዋል። ትውልድ ከተማችን ውስጥ፣ ዘመድ ባለበት ቦታ መሥራትንም እንደ ውርደት አንቁጠረው። ሁሉም አዲስ አበባ ላይ ካልሠራሁ ስላለ ነው ዋጋው ሰማይ የነካው።

የመስጂድ ቦታ

አንድ ነጥብ እንጨምርና እናብቃ። ሙስሊሞች በአዲስ ሰፈር ሲሰባሰቡ የመጀመሪያ ሐሳባቸው መስጂድ ነው፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሰነድ በሌለው ቦታ ላይ በችኮላ የሚቆም መስጂድ የጀማዓውን ልብ ለጭንቀት ይዳርጋል። በ2015 ዓ.ም በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ የደረሰው ሐዘንና የሰው ሕይወት መጥፋት ከማናችንም አእምሮ አይጠፋም። ከተሞች ሲሰፉ ለሙስሊሙ የአምልኮ ቦታ በፕላን እንዲያዝለት መጠየቅ የዜግነት መብታችን ነው፤ መጠየቂያውም መንገድ ደብዳቤ፣ ሽማግሌና ትዕግሥት ነው። ሰፈር የምትመሠርቱ ወንድሞች ቤታችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት የመስጂዱን ማመልከቻ አስገቡ፤ ማኅተም ያረፈበትንም ቅጂ አስቀምጡ።

ውድ አድማጮቻችን፣ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች ይኖሩባቸው የነበሩ ክፍሎች ጣራቸው በእጅ የሚነካ እንደነበር ተዘግቧል። ከእነዚያ ጠባብ ክፍሎች ዓለምን ያዳረሰ ዕውቀት ወጣ። ቤት በረካ የሚኖረው በካሬው ብዛት አይደለም። በሐላል የተገኘች አንዲት ክፍል፣ ማንም አስነሥቶ የማያባርርባት፣ የማንም የቲም እንባ የሌለባት፣ ልጅ ቁርኣኑን ዘርግቶ የሚቀራባት ክፍል፣ በሙግት ከቆመ ፎቅ ትበልጣለች። ዘግይቶ መግዛት ይቻላል፤ የሰው ሐቅ ለብሶ አላህ ፊት መቆም ግን አይቻልም።

አላህ ሆይ! ቤት ለሌላቸው ወገኖቻችን የሚያርፉበትን ሐላል መጠለያ ስጣቸው። ቤታቸው ለፈረሰባቸው የተሻለውን ተካላቸው። ሐቅ የያዝን ከሆነ ሳንሞት የምንመልስ አድርገን። በስደት ደክመው የሚልኩ እህቶቻችንን ላባቸውን ከሚበላ ሰው ጠብቅልን። አሚን።

ወሰሉላሁ ዐላ ነቢይና ሙሐመድ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።